አትመልሺ ቁጥር አራት

ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት አምስት ሴቶችና ስድስት የስፌት መኪናዎች ነበሩ። ስድስተኛዋ መኪና ከተበላሸች ዓመት አልፏታል፤ አሁን የምታገለግለው ለስልክ ማስቀመጫ ነው። አምስቱም ስልኮቻቸውን እሷ ላይ ደርድረው ይሰፋሉ። አንዱ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ባለቤቷ እግሯን ከመርገጫው ታነሣለች፣ አንገቷን ታሰግጋለች፣ ከዚያ ወይ ትስቃለች ወይ ፊቷ ይጠቁራል።

ፊት ለሚያጠቁረው መልእክት ደንብ አላቸው። ደንቡን ያወጣችው በዕድሜ ከሁሉም ከፍ የምትለው፣ በምላሷ ምክንያት "መርፌ" የሚሏት ባልደረባቸው ናት።

"የማታውቂው ሰው 'ሰላም ቆንጆ' ካለሽ ዝም በይ" ትላለች አዲስ ሠራተኛ በመጣች ቁጥር። "'ለምን ዝም አልሽ' ካለም ዝም። ከዚያ መሳደብ ይጀምራል፤ አይቀርም። ያኔ የጻፈውን ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ፣ ለክፉ ቀን ማስረጃ ነው። እሱን ደግሞ 'አትመልሺ' ብለሽ መዝግቢው፣ ቁጥር ስጪው። አንድ ቀን ንዴት አናትሽ ላይ ወጥቶ ልትሰድቢው እጅሽ ሲቸኩል፣ ስሙ ራሱ ይይዝሻል።"

"ለምን አልዘጋውም?" ትላታለች አዲሷ።

"ዝጊዋ። በነጋታው በሌላ ስም፣ በሌላ ፎቶ፣ በአበባ ታጅቦ ይመጣል። ዝንብ በር ስለተዘጋባት ቤቷ ስትመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እሷ ራሷ አትመልሺ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሳለች። "እርጅናም አልገላገለኝ" እያለች ታስቃቸዋለች። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ከአምስቱ ታናሿ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ናት። ድምፅዋ ስለማይሰማ "ጭምት" ይሏታል። በጭምት ስልክ ውስጥ ሰባት አትመልሺዎች አሉ። ስድስቱ የእውነት ናቸው። አራተኛው ግን ውሸት ነው። አራተኛው የምትወደው ሰው ነው።

የምትወደው ሰው ፋርማሲስት ነው፤ ባለ አራት ፎቅ ክሊኒክ ያላቸው የአንዲት ሐኪም አንድያ ልጅ። ለወንድሟ የወገብ መድኃኒት ልትገዛ በገባች ቀን የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ "ከምግብ በኋላ አንድ ጊዜ ይሣቁ። ካልተሻለዎት ይመለሱ" ብሎ ጽፎ ሰጣት። አልተሻላትም። ተመለሰች። ስምንት ወር ሙሉ ተመላለሰች።

ወንድሟ ጎሚስታ ነው። እናታቸውን ቀድመው አጥተው ነበር፤ አባታቸው ሲሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ አሥራ አምስት። ደብተሩን ጥሎ ጎማ ሥር ገባ፣ እሷን አስተማረ፣ እስከ ዛሬም አላገባም። "የባለ ሕንጻ ልጅ ድሃ ሴት የሚወደው እንደ ጎማ ነው" ይላታል። "እስክታልቅ ይነዳባታል፣ ስታልቅ ይቀይራታል።" ይህን እየሰማች ያደገች ልጅ የፍቅረኛዋን ስም ስልኳ ላይ እንዴት ትጽፈው? ወንድሟ አንድ ቀን ቢያይ ከአስቸጋሪዎቹ አንዱ እንዲመስለው ብላ አትመልሺ አራት አለችው። የተጻጻፉትንም ማታ ማታ ትደመስሰዋለች።

"በምን ስም መዝግበሽኛል?" ብሎ ጠይቋት ያውቃል።

"በቁጥር" አለችው። አብረው ሣቁ።

አትመልሺ ሰባት የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መጀመሪያ እንደ ሁሉም "ሰላም ቆንጆ" አለ። በሦስተኛው ቀን "ይሄን ኩራትሽን በጥፊ አወርደዋለሁ" አለ። በሳምንቱ ከሥራ ስትወጣ ከጀርባዋ ያነሣትን ፎቶ ላከ፤ ፊቷን በቀይ መስመር ሰርዞታል። ለፋርማሲስቱ አልነገረችውም፣ እንዳይጨነቅ። ለመርፌ ብቻ አሳየቻት። መርፌ አልቀለደችም፤ ጭምትን ያስፈራትም ይኸው ነበር።

"ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን" አለቻት መርፌ። "እስከዚያ ብቻሽን አትሂጂ።"

ያ ቀን ዓርብ ነበር። ሰኞ የማይደረስበት አገር መስሎ ታያት።

* * *

እኩለ ቀን ላይ ለወንድሟ ምሳ ይዛ ወደ ጎማ መጠገኛው ሄደች። ወለሉ በዘይት ጠቁሯል፣ አሮጌ ጎማ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ ኮምፕሬሰሩ ጥግ ላይ ያጓራል። ወንድሟ የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው ሊያላቅቅ ረጅሙን ብረት ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተጭኖታል።

"መጣሽ እታለም? እዚያ አስቀምጪው።"

"ቀዝቅዞ ትበላና ጨጓራዬን ትላለህ።"

"ጨጓራዬን የላጠው ደንበኛ ነው እንጂ ምግብ አይደለም።"

ስልኳን ከምሳ ዕቃው አጠገብ አስቀምጣ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ልትቀዳለት ዞረች። ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንደ ዋዛ አጎነበሰ። ከዚያ ቀና አላለም።

መስታወቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ቢጫው ሻርፕ ያምርብሻል። በሱ አንቄ መንገድ ለመንገድ ስጎትትሽ ደግሞ የበለጠ ያምርብሻል።"

የጭምት እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። ሻርፑ ቢጫ ነበር።

"ማነው?" አላት።

"አላውቅም። እውነቴን ነው።"

"ክፈችው።"

ከፈተችው። በጥቁር አውራ ጣቱ ወደ ታች እየገፋ አነበበ፤ ከንፈሩ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ይንቀሳቀሳል። አትመልሺ አንድ። አትመልሺ ሁለት። ሰባት ላይ ሲደርስ ፎቶውን ሁለት ጊዜ አየው።

"ሰባት ወንድ" አለ ቀስ ብሎ። "ሰባት ወንድ እህቴ ላይ ሲተፋ እኔ እዚህ ጎማ እነፋለሁ።"

"ሁሉም ሴት ላይ አለ ወንድም ጋሼ። ዝም ስንላቸው ይሄዳሉ።"

"ሲሄዱ አየሁ።"

ስድስቱ ፊትም ስልክ ቁጥርም የላቸውም፤ አንዱ አበባ ነው፣ አንዱ መኪና፣ አንዱ ጀምበር ስትጠልቅ። ስልክ ቁጥር ያለው አራተኛው ብቻ ነው፤ የጻፈው ግን ተደምስሷል። ደወለ። ልትነጥቀው እጇን ስትሰድ በግራ ክንዱ ያዛት። ከስልኩ ውስጥ ሞቅ ያለ፣ የቸኮለ ድምፅ ወጣ።

"ወዬ ሆዴ፣ ሰው እያስተናገድኩ ነው። አሁን እደውልልሻለሁ።"

ተዘጋ። ኮምፕሬሰሩም በዚያው ቅጽበት ሞልቶ ዝም አለ።

"ሆዴ" አለ ወንድሟ። "ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። 'በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ' ያለኝ ነው። የሐኪሟ ልጅ።" ዞሮ ዓይኗን ፈለገ። "ታውቂዋለሽ?"

ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ። እሷ አንድ ጊዜ በቃት።

"አላውቀውም" አለች።

ዛሬ ብቻ ይለፍልኝ ብላ ነው። ማታ ንዴቱ ሲበርድ፣ እግሩን ስታጥበው ቀስ አድርጋ ልትነግረው። እሱም የበረደ መሰለ። የቀዳችለትን ውኃ ተቀብሎ በእርጋታ ታጠበ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈተገ። "ስልክሽ እኔ ጋ ይቆይ፣ ፖሊስ ዘንድ እወስደዋለሁ። አንቺ ሥራሽ ሂጂ" አላት። አመነችው። ስትወጣ ብረቱ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ያንንም አይታ አመነች። መንገዱን ሁሉ ግን ምላሷ ላይ "አላውቀውም" የሚለው ቃል እንደ ዝገት ይመራት ነበር።

* * *

ፋርማሲው ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ።

"እማማ፣ ነጩን ጠዋት፣ ቀዩን ማታ።"

"ቀዩ ያስለኛል።"

"የሚያስልዎት ቀዩ ኪኒን አይደለም እማማ፣ ከልጅዎት ተደብቀው የሚያጨሱት ነው።"

"ውይ አንተ" ብለው አሮጊቷ ትከሻውን በመዳፋቸው ሲመቱት በሩ ተከፈተ።

ፋርማሲስቱ ጎሚስታውን ሲያይ በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ብረቱን አላየም፤ ከጭኑ ጋር አጣብቆ ይዞታል። ያየው የእሷን ግንባርና የእሷን አገጭ ነው፣ በወንድ ፊት ላይ። ስምንት ወር "ወንድምሽን ላናግረው" ሲላት፣ ስምንት ወር "ትንሽ ቆይ" ስትለው ቆይቶ፣ እነሆ ሰውየው በእግሩ መጣ።

"ነገረችህ?" አለው ፈገግ ብሎ።

"አዎ" አለ ጎሚስታው። "ነገረችኝ።"

ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋው። ፋርማሲስቱ የሌላ ሰው ስም የሚያነብ መስሎት ነበር። ከዚያ ቁጥሩን አየ። የገዛ ስልክ ቁጥሩ፣ ከአትመልሺ ሦስትና ከአትመልሺ አምስት መሃል።

አንድ ሰው ስምንት ወር የኖረበትን ቤት በአንድ አፍታ ሲፈርስ ማየት ይችላል። ሰው ሲመጣ የምትለቀው እጇ፣ ሳትመልስለት ያደረችባቸው ሌሊቶች፣ "ትንሽ ቆይ" የምትለው፤ ፍርሃት ብሎ የተረጎመው ሁሉ ፊቱን አዙሮ መጸየፍ ሆነበት።

"ካስቸገርኳት…" አለ። ቁጥሩን እንደገና አየ። "ካስቸገርኳት አላወቅኩም ነበር።"

ለጎሚስታው ይህ ከእምነት ቃል በላይ ነበር።

የመጀመሪያው ምት ባንኮኒው ላይ አርፎ መስታወቱን በተነው። ሁለተኛው ባንኮኒው ላይ የነበረውን ቀኝ እጁን አገኘው። አጥንት ሲሰበር ድምፁ ትንሽ ነው፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ። አሮጊቷ ኡኡ አሉ። ሦስተኛው ከመንጋጋው ሲደርስ ፋርማሲስቱ መደርደሪያውን ይዞ ወደቀ፤ መደርደሪያውም ተከትሎት ወረደ። የሕፃናት ሽሮፕ ጠርሙሶች ወለሉ ላይ እየፈነዱ ቀይ ጣፋጭ ነገር ረጩ፤ ከደሙ መለየት አልተቻለም። ጎሚስታው ብረቱን ጣለና በጫማው ጎድኑን ረገጠው፣ ደገመው፣ ደጋገመው።

"መልስ እስቲ አሁን" ይለዋል። "ሆዴ ስትል አልነበር? መልሳ።"

አልመለሰም። ያልተሰበረውን ግራ እጁን እንኳ ለመከላከል አላነሣም። እሷ የላከችው ሞት መስሎት ነበር፤ ከእሷ የመጣ ነገር ደግሞ ገፍቶ አያውቅም።

* * *

ወሬውን ወደ ስፌት ቤት ያመጣችው ክር ልትገዛ የወጣችው መርፌ ናት። ደፍ ላይ ቆመች፤ ክሩን አልያዘችም።

"የፋርማሲውን ልጅ በብረት ቀጥቅጠውት ሆስፒታል ወሰዱት" አለች። ወደ መስኮቱ አየች። "ጎሚስታው ነው ይላሉ።"

የጭምት እግር መርገጫው ላይ ነበር። ሳታውቀው ተጫነችው፤ መኪናው ሮጠ፤ መርፌው በጠቋሚ ጣቷ ጥፍር ገብቶ በሌላው በኩል ወጣ። መንኮራኩሩን በእጇ መልሳ አዙራ ነቀለችው። አልጮኸችም። ነጭ የተማሪ ሸሚዝ ላይ የተንጠባጠበውን ደም አይታ "ይቅርታ" አለች፣ ለሸሚዙ ይሁን ለማን እግዜር ይወቅ፤ ከዚያ ሮጠች።

ፋርማሲው በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ውስጥ አሮጊቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው የኪኒን ፖስታቸውን ጨብጠዋል።

"እጁን እንኳ አላነሣም ልጄ" አሏት፣ ማን እንደሆነች ሳያውቁ። "ሰውየው ስልክ አሳየው። ያንን ሲያይ ነው ልጁ የሞተው፣ ሳይመታ በፊት። 'ካስቸገርኳት አላወቅኩም ነበር' ብቻ ነው ያለው።"

ያኔ ገባት። ወንድሟ አጥንቱን ነው የሰበረው። ሌላውን የሰበረችው እሷ ናት፣ በገዛ ጣቷ፣ አምስት ፊደልና ሦስት ፊደል እየለቀመች።

ጎሚስታው ጎማ መጠገኛው ተመልሶ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ የደረቀ ቀይ ነገር አለ፤ ብረቱንም ይዞት ተመልሶ እግሩ ሥር ጥሎታል። ስትገባ ቀና ብሎ ከልጅነቷ የምታውቀውን ፈገግታ ሰጣት።

"ተገላገልሽ እታለም። ከእንግዲህ አይጽፍልሽም።"

"የምወደው ሰው ነው" አለች።

"ማን?"

"የሰበርከው። ስምንት ወር ሆነን። አንተን ፈርቼ ነው በዚያ ስም የደበቅኩት። አላውቀውም ስልህ ዋሽቼህ ነው።"

በጥፊ መታት። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ሁለቱም በምቱ ደነገጡ፣ ምናልባት እሱ ይበልጥ። እሷ ጉንጯን አልያዘችም። ጎንበስ ብላ ብረቱን በሁለት እጇ አነሣችና ከራሷ በላይ ሰቀለችው፤ ከተወጋው ጣቷ ደም በክንዷ ላይ ይወርዳል። ወንድሟ አልሸሸም። ዓይኑን ጨፈነላት።

መደርደሪያው ላይ የነበረው ስልኳ ተንቀጠቀጠ።

ብረቱ አየር ላይ ቀረ። ወንድሟ ዓይኑን ገልጦ ስልኩን አየ፣ አነሣው፣ ጮክ ብሎ አነበበው። "ቢጫዋ፣ ምን ያስሮጥሻል? ዛሬ የትም ብትሮጪ አታመልጪኝም።" አትመልሺ ሰባት።

"ሆስፒታል የተኛ ሰው አይጽፍም ወንድም ጋሼ" አለችው። ብረቱ ከእጇ ወደቀ።

መርፌ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው፣ እያለከለከች፣ የራሷን ስልክ ይዛ። ሁለቱንም አየች። ከዚያ እንደ ፖስተኛ ወደ ወንድምየው ቀረበች።

"አንተ ልጅ፣ ላንብብልህ። 'ሰላም ቆንጆ።' በማግስቱ፣ 'ለምን ዝም አልሽ?' በሌላው ቀን፣ 'ማን ስለሆንሽ ነው፣ ማን ያይሻል፣ አሮጊት።' ከዚያ ከዚህም የባሰ አለ፣ እህትህ ፊት አላነበውም። ፎቶው አንበሳ ነው። እኔ ዘንድ ስሙ አትመልሺ አሥራ አንድ ይባላል።" ስልኳን ተጫነች። "ልደውልለት?"

የጎሚስታው ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ለረጅም ጊዜ ጮኸ። ማንም አላነሣውም።

"ቀልድ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ሥራ ሲፈዝ… ማን እንደሆንሽ አላወቅኩም። ቁጥርሽን የሆነ ቦታ አግኝቼ… ቀልድ ነበር።"

"እኔ ሳምንት ሙሉ መንገድ ቀይሬ ነው የሄድኩት" አለች መርፌ። "በላክኸው የድምፅ መልእክት የሷ ወንድም መሆንህን ካወቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ደበቅኩላት። ልጅቷ ከዘመድ ያላት አንድ አንተን ነው ብዬ።"

ወንድምየው ጎማው ላይ ተቀመጠ። "አባባ ሊሞት ሲል 'እህትህን' ነው ያለኝ" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

"የሰውንም እህት ማለቱ ይሆናል" አለች መርፌ። ይህን ስትል ድምፅዋ አልወጋም።

ጭምት ሻርፏን ፈትታ ጣቷን ጠቀለለችበት። "ሄጄ ለፖሊስ የሆነውን ሁሉ እናገራለሁ" አለችው። "የሚዝትብኝንም፣ ያንተንም።"

"ሂጂ" አላት። "አልሸሽም።"

ልትጠላው ፈልጋ ነበር። የጥላቻውን ቦታ ስትፈልግ ግን ያገኘችው ዝናብ ሲጥል በጫንቃው ተሸክሟት ትምህርት ቤት የሚያደርሳትን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ይህ ከጥፊው በላይ አመማት።

* * *

በማግስቱ ጠዋት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሐኪሟ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ነጭ ካባቸውን አልለበሱም፤ እዚህ እናት ብቻ ናቸው።

"አንቺ ነሽ?" አሏት።

"ነኝ ዶክተር።"

"ልጄ ሌሊቱን በሰመመን ሲጠራሽ አደረ። ሲነቃ ደግሞ 'እንዳትገባ' አለኝ። የትኛውን ልስማ?" መልስ አልጠበቁም። "ከእናንተ መንደር እንዲርቅ ነግሬው ነበር። አልሰማኝም።"

"እውነትዎን ነው።"

ሐኪሟ ለክርክር ነበር የተዘጋጁት።

"ስሙን ከክፉዎች መሃል የደበቅኩት እኔ ነኝ" አለች ጭምት። "ወንድሜ 'ታውቂዋለሽ' ሲለኝ አላውቀውም ያልኩትም እኔ ነኝ። ብረቱን የያዘው እሱ ነው፣ መንገዱን የጠረግኩለት እኔ። ይህን ሳልነግረው ብሄድ ልጅዎ ዕድሜ ልኩን ሰው የማይፈልገው ሰው ነኝ ብሎ ይኖራል። ነግሬው ያባርረኝ።"

ሐኪሟ ፊቷን ሳይሆን እጇን አዩ። ያዙት። በደም የደረቀውን ቢጫ ጨርቅ ፈቱት።

"ይሄን ማን አየልሽ?"

"ማንም።"

"የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደሻል?"

"አላስታውስም።"

"አላስታውስም ትላለች" ብለው ወደ ነርሷ አዩ፣ እንደተቆጣ ሰው። ጣቷን ራሳቸው አጠቡ፣ ራሳቸው አሰሩ፤ መርፌውንም አስወጓት። ሲጨርሱ እጇን ወዲያው አልለቀቁትም። "አምስት ደቂቃ" አሉ።

ፋርማሲስቱ ቀኝ እጁ በጀሶ ነው። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ የሚናገረው በጥርሱ መሃል ነው። አካሄዷን አወቀ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ከስድስቱ ጋር ከተትሽኝ" አለ።

"ወንድሜ ቢያይህ ከነሱ አንዱ እንዲመስለው ብዬ ነው። እንዳልኩት ሆነ።"

"ፈርተሽ ነው ወይስ አፍረሽብኝ?"

የተዘጋጀችበት መልስ ፍርሃት ነበር። በሩ ላይ አስባበት፣ ጸልያበት ነው የመጣችው። አሁን ግን ግማሽ እውነት ይዞ ወደ አልጋው መቅረብ አልተቻላትም።

"ሁለቱም" አለች። "ያፈርኩት ግን ባንተ አይደለም። የእናትህን ቤት ደረጃ በዚህ ጫማ ስወጣ ይታየኛል። የጎማ ሽታ ልብሴ ላይ ይሸተኛል። ወንድምህ ምን ይሠራል ሲሉኝ ይሰማኛል። ያ ቀን እንዳይመጣ ነው 'ትንሽ ቆይ' የምልህ።"

"ሰው ሲመጣ እጄን ስትለቂ ለኔ ብለሽ ይመስለኝ ነበር።"

"ለራሴ ብዬ ነው።"

ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም፤ እሱ ግን እዚያው ላይ ያነብ ነበር። ጭምት አልቀረበችም፣ አላለቀሰችም። ይቅር በለኝም አላለችም፤ መጠየቅ ራሱ ከሱ አንድ ነገር መውሰድ መስሎ ታያት።

በሩ ተንኳኳ። ፋይል የያዘ መርማሪ ገባ፤ ሐኪሟም ከኋላው መጥተው ደፉ ላይ ቆሙ። መርማሪው የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እስክሪብቶውን ወረቀት ላይ ሞከረ፣ አልጽፍ አለ፣ አራገፈው።

"ተጠርጣሪው ዛሬ ንጋት ላይ በእግሩ መጥቶ እጁን ሰጥቷል" አለ። "የዚያን የሚዝትብሽን ሰው መልእክቶች ፎቶም ባልደረባሽ አምጥታለች፣ ከማን ስልክ እንደሚላክ እያጣራን ነው። አሁን ያንቺን ቃል ልቀበል። አየሽ ወይ፣ ሰማሽ ወይ፣ እሱን በኋላ። መጀመሪያ ይሄ።" ወረቀቱን በእስክሪብቶው ነካ። "ተበዳዩ ምንሽ ነው?"

ጭምት አልመለሰችም።

"ምን ልበል? ጎረቤት? የምታውቂው ሰው?"

ሐኪሟን አየች። ኮሪደሩ ላይ የቆሙትን ጠያቂዎች አየች። ከዚያ ያንን ወደ ግድግዳ የዞረ ጀርባ አየች፣ በተጎዳ ጎድኑ በጥንቃቄ የሚተነፍሰውን።

"እጮኛዬ ነው" አለች።

ስፌት ቤት አብረዋት የሚውሉት ይህን ድምፅ ሰምተውት አያውቁም። ኮሪደሩ ላይ ያለችው ነርስ ዞር ብላ አየች።

መርማሪው ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ወደ አልጋው አንገቱን ዘንበል አደረገ። "እውነት ነው ወንድሜ?"

ትራሱ ተንኮሻኮሸ። ፊቱ ከግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ዞረ። አንድ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ አብጦ ተዘግቷል። ሌላው ግን ከተመታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ ብዙ ቆይቶ አያት።

"ገና አልተነጋገርንበትም" አለ በታሰረ ጥርሱ።

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሣ። "ታዲያ ልሰርዘው?"

"እንዳትነካው።"

ሊሥቅ ሞከረና ሽቦው ያዘው፤ ሕመሙ በተከፈተችው ዓይኑ ውኃ ሆኖ ወረደ። ሐኪሟ ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዞሩ። ጭምት ወደ አልጋው ልትሄድ እግሯን ስታነሣ መርማሪው በእጁ ገታት፤ ሌላ ባዶ መስመር ቀርቶታል።

"ተጠርጣሪውስ ምንሽ ነው?"

"ወንድሜ" አለች። ድምፅዋን አልቀነሰችም። "ያሳደገኝ ወንድሜ።"

ይህንንም ጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሁለቱ መስመሮች አንዱ ከሌላው ሥር ተጋድመው አየቻቸው፤ እንባዋ መጣ፤ የደስታ ይሁን የሐዘን ለመለየት አልሞከረችም፣ እንዲሁ እንዲወርድ ተወችው።